ጓዙን ጠቅልሎ ለሚሄድ ሰው የዕቃ ዝርዝሩ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ወደ ሌላ አገር ሄደው ለመኖር ስለሚዘጋጁ ሰዎች በጋዜጣዎ የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስለ ቪዛ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ትምህርት ማስረጃ ብዙ ተጽፏል፤ ሰው ከነቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ዕቃው በጉምሩክ በኩል እንዴት እንደሚያልፍ ግን እስካሁን የተጻፈ አላነበብኩም። ነገሩ ከሌላው ጭንቀት አንጻር ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይዘጋጅበት ይሄዳል፤ እኛም እንደዚያው ሄደን ስለተጎዳን ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር አገር ስንቀይር ዕቃችንን በ43 ካርቶን አሽገን በመርከብ ላክን። ማሸጉንም፣ ዝርዝሩን መጻፉንም ለተዋዋልነው አጓጓዥ ድርጅት ሠራተኞች ትተንላቸው እኛ ቤት በማስረከብና ዘመድ በመሰናበት ተጠምደን ነበር። ዕቃው ወደብ ደርሶ ለፍተሻ ስንጠራ፣ የጉምሩክ ፈታሿ በእጇ የያዘችው ዝርዝር ከ43ቱ መስመሮች በ21ዱ ላይ «የቤት ዕቃ፣ ልዩ ልዩ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም ነበር። 17 ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶን አስወርዳ ፕላስተሩን በአጭር ቢላዋ ቀደደችው። ከላይ የታጠፈ መጋረጃ ወጣ፤ ከሥሩ የልብስ ስፌት መኪና ከነፋብሪካ ካርቶኑ፣ ግራና ቀኙን ነጭ ፎም እንደያዘው፣ የእግር መርገጫው ገመድ እንደተጠቀለለ፣ የዋስትና ወረቀቱም ምንም ሳይሞላበት ተገኘ። «ይህን ለምን ያህል ጊዜ ተጠቅመውበታል?» ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት። ባለቤቴም እውነቱን ነገረቻት፤ ገና አልከፈትነውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ካርቶኖች በሙሉ እንዲከፈቱ ታዘዘ። ፍተሻው ሁለት ቀን ወሰደ፤ የመጋዘን ኪራዩ በእኛ ላይ ተቆጠረ፤ ለስፌት መኪናውም ቀረጥና ታክስ ከፈልን። ፈታሿ አልበደለችንም፤ ሕጉ የሚለውን ነው የሠራችው፤ እንዲያውም ባለቤቴን በትሕትና ነበር ያነጋገረቻት። እስካሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ 9 ዓመት የሰፋችበት አሮጌ መኪና ነበራት። ለመንገድ እንዳይከብድና በአዲሱ አገር በአዲስ መኪና ሥራ እንድትጀምር ብለን፣ ልንሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረን አሮጌውን በርካሽ ሸጠን ይህን ገዛን። አሮጌው ቢሆን ኖሮ ያለ አንዳች ቀረጥ ይገባ ነበር።

የብዙ ሰው ስሕተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አገር የሚቀይር ሰው ያገለገለ ዕቃ ይዞ መሄድን እንደ ማፈሪያ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ የቆየውን ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ አዲስ ገዝቶ ያሽጋል። የጉምሩክ ሕግ ግን የሚመለከተው በተቃራኒው ነው። መኖሪያውን የሚያዛውር ሰው የግል መገልገያው ከቀረጥ ነፃ እንዲገባለት የሚፈቀደው፣ ዕቃው ሲኖርበት ከነበረው ቤት ተነሥቶ ወደ አዲሱ ቤት የሚሄድ የዚያው ኑሮ ክፍል ስለሆነ ነው። መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ የዋለው፣ ስለ ጉምሩክ አሠራር የሚናገረው የኪዮቶ ስምምነትም አገሮች መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰውና ለቤተሰቡ የግል መገልገያ ይህን ነፃነት እንዲሰጡ ይመክራል። እንግዲህ ነፃነቱ በልመና የሚገኝ ችሮታ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ መብት ነው። መብቱን የሚያስገኘው ግን ዕቃው የራስ መሆኑና ማገልገሉ ነው።

የጊዜው ልክ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ አመልካቹ ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር ያለማቋረጥ የኖረ መሆን አለበት፤ ዕቃውም በቀድሞ መኖሪያው ቢያንስ ለ6 ወር በእጁ ቆይቶ ያገለገለ መሆን ይኖርበታል። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ተመሳሳይ የጊዜ ልክ ይዛለች። በአሜሪካ የቤት ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ቢያንስ አንድ ዓመት ሲገለገሉበት የቆዩ እንደሆነ ነው። አውስትራሊያ ከመነሣትዎ በፊት ያለውን 12 ወር ሙሉ የራስዎ ሆኖ የተገለገሉበት እንዲሆን ትጠይቃለች። ካናዳ ለአዲስ ነዋሪ የምትጠይቀው፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት የእርሱ የነበረ፣ በእጁ የነበረና የተጠቀመበት እንዲሆን ነው። አልኮልና ትምባሆ በብዙ ቦታ ከዚህ ነፃነት ውጭ ናቸው። ለንግድ የሚውል መሣሪያም እንደዚሁ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን አንድ ባለሙያ በእጁ ይዞት የሚዞረው የሥራ መሣሪያ ተለይቶ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ የእጅ ባለሙያ የሆነ ሰው መሣሪያዎቹን ከቤት ዕቃው ጋር ቀላቅሎ ከመጻፍ ይልቅ ለብቻ ዘርዝሮ፣ ሙያውን የሚገልጽ ማስረጃ አያይዞ ቢያቀርብ መልካም ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልግለጽ። የጉምሩክ ሠራተኛ ዕቃውን ከማየቱ በፊት የሚያየው ዝርዝሩን ነው፤ ዕቃው ይከፈት አይከፈት የሚለውንም በአብዛኛው የሚወስነው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚለው ቃል ለአሻጊው ድካም ያቀልለታል፤ ለፈታሹ ግን የማይታወቅ ነገር አለ ማለት ነው፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ይከፈታል። ስለዚህ ዝርዝሩን ባለቤቱ ራሱ እንዲጽፈው አጥብቄ እመክራለሁ። ካርቶኑ ቁጥር ይኑረው፤ በዚያ ቁጥር ሥር በውስጡ ያለው ሁሉ ስሙ፣ ብዛቱ፣ በስንት ዓመት ገደማ እንደተገዛ፣ አሁን ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ይጻፍ። ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ብስክሌት፣ የስፌት መኪና የመሳሰለው ደግሞ የፋብሪካው ስም፣ ሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ይጨመርበት። መጽሐፍ ሁሉ በርእስ መዘርዘር አያስፈልገውም፤ «ያገለገሉ መጻሕፍት፣ 60» ማለት ይበቃል። «ያገለገለ» የምትለው ቃል ግን እውነት በሆነችበት መስመር ሁሉ ላይ ትጻፍ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ጉምሩኩ በሚያነብበት ቋንቋ ነው፤ አንዱ ቅጂ በተሳፋሪው የእጅ ቦርሳ ውስጥ እንጂ በካርቶኑ ውስጥ ታሽጎ መሄድ የለበትም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ስለሆነ። ለጉምሩክ የሚጻፈው ዋጋ ዕቃው ዛሬ ባለበት ሁኔታ የሚያወጣው ነው። ለመድን የሚጻፈው ግን በአብዛኛው ዕቃው ቢጠፋ እርሱን ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ሁለቱ ሰነዶች በዋጋ ቢለያዩ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዕቃው ዓይነትና ብዛት ግን መለያየት የለባቸውም። በመድኑ ዝርዝር ውስጥ ያለ ካሜራ ከጉምሩኩ ዝርዝር ውስጥ ከጎደለ፣ ያንን ለማስረዳት ከባድ ነው።

ስምም እንዲሁ ትኩረት ይሻል። ስማችን በውጭ ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል፤ የአያት ስም አንዱ ጋ ይገባል፣ ሌላው ጋ ይቀራል። የጭነት ሰነዱ ላይ፣ ማለትም ቢል ኦፍ ሎዲንግ በሚባለው ላይ፣ የተቀባዩ ስም ልክ በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ፊደል ካልተጻፈ፣ ዕቃውን የሚረከበው ሰው ያው ሰው መሆኑን ማስረዳት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። መርከቡ ከተነሣ በኋላ ሰነድ ማሳረም ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋልና ረቂቁን አስልከው በዓይንዎ አይተው ያጽድቁት።

የሚከብደው ግን የአደራ ዕቃ ነው። ሰው በኮንቴይነር ዕቃ ሊልክ ነው ሲባል ዘመድ አዝማዱ «ይህቺን ብቻ ለወንድሜ» እያለ ጥቅል ያመጣል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ነፃነቱ የተሰጠው ለባለጓዙና ለቤተሰቡ ብቻ ነው። የአሜሪካ ደንብ ዕቃው ለሌላ ሰው ወይም ለሽያጭ የታሰበ መሆን እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። ከ43 ካርቶን በአንዱ ውስጥ የተገኘ፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት፣ ውስጡ የማይታወቅ ጥቅል በቀሩት 42 ላይ ጥርጣሬ ያመጣል፤ በውስጡ የተከለከለ ነገር ቢገኝም ተጠያቂው ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ የፈረመው ሰው ነው። ይህን ለዘመዶቻችን አስቀድመን ብናስረዳቸው የሚቀየመን ያለ አይመስለኝም። የግድ መሄድ ያለበት ዕቃ ቢኖርም በራሱ ሰነድ፣ በተቀባዩ ስም ቢላክ ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው የቀጠሮ ጉዳይ ነው። ካናዳ ለመኖር የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ሲደርስ ሁለት ክፍል ያለው ዝርዝር ያቀርባል፤ አንዱ አብሮት የያዘውን፣ ሌላው በኋላ የሚመጣበትን ዕቃ የሚገልጽ። በዚያች ዕለት በኋላ የሚመጣውን ሳያስመዘግብ ያለፈ ሰው፣ ዕቃው ከወራት በኋላ ሲደርስ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ከረጅም በረራ በኋላ ሕፃን ታቅፎ የቆመ ሰው ያንን ወረቀት ካላዘጋጀ በቀር በዚያች ሰዓት አስታውሶ ሊጽፈው አይችልም። በብሪታንያ ደግሞ ማመልከቻው ዕቃው ከመድረሱ በፊት ቀርቦ የፈቃድ ቁጥር መገኘት አለበት፤ ቁጥሩ በሌለበት መርከቡ ከቀደመ ዕቃው ወደብ ላይ ይጠብቃል። በአውሮፓ ኅብረት ነዋሪነት ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ያለው 12 ወር የዕቃው መግቢያ ጊዜ ነው፤ በዚያ ውስጥ በአንድ ጊዜም ሆነ ከፋፍሎ ማስገባት ይቻላል። እኔ በዚህ ምክንያት ዕቃው ከሰው መቅደሙን አልደግፍም። ብዙ ሰው ቤቱን በቶሎ ለማስረከብ ሲል ዕቃውን አስቀድሞ ይልካል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም የቤት ኪራይ ውሉ ሳይወጣለት ኮንቴይነሩ ወደብ ይደርሳል። ዕቃ በወደብ ላይ ሳይከፈልበት የሚቆየው ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጋዘኑም፣ የኮንቴይነሩም ኪራይ በየቀኑ ይደመራል፤ በወር ውስጥ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

ዕቃው ትንሽ የሆነ ሰው ሙሉ ኮንቴይነር አይከራይም። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ወደ 33 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ለአንድ ቤተሰብ 43 ካርቶን ግን ጥግ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከሌሎች ሰዎች ጭነት ጋር በጋራ ይላካል። ይህ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአንዱ ጭነት ላይ ችግር ሲገኝ ሌሎቹም አብረው ሊዘገዩ ይችላሉና ለልጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ለመድኃኒት፣ ለክረምት ልብስ በዚያ ጭነት መተማመን አይገባም።

ከቀረጥ ውጭ ዕቃን የሚያስቆም ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም አፈርና እንጨት ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በዚህ በኩል በጣም ጥብቅ ናቸው፤ በልጅ የኳስ ጫማ ሶል ውስጥ የደረቀ ጭቃ፣ በአካፋ ላይ የቀረ አፈር፣ በመጥረጊያ ውስጥ ያለ ዘር ለማጽዳት ወይም ለማስወገድ በቂ ምክንያት ነው፤ ወጪው የባለዕቃው ነው። ዕቃ የሚታሸግበት ጥሬ የእንጨት ሣጥንና ፓሌት ደግሞ በዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ የሞቀ ወይም በሌላ የተፈቀደ መንገድ የታከመ ሆኖ ማኅተሙ ሊታይበት ይገባል። ከጎረቤት አናጺ በችኮላ ያሠሩት ሣጥን ይህ ማኅተም የለውም። ቅርፊቱ ያልተላጠ ወይም ብል ቀዳዳ ያበጀበት የእንጨት ዕቃም ቢሆን በቤት ውስጥ ለዓመታት የኖረ መሆኑ አያድነውም። ከዝሆን ጥርስ፣ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት፣ ከአዞ ቆዳ የተሠራ ጌጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የሚገዛ ስለሆነ፣ ውርስ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ስለ መድን ባጭሩ ልለፍ። ብዙ የመድን ውሎች ባለቤቱ ራሱ ባሸገው ካርቶን ውስጥ ለተሰበረ ዕቃ አይከፍሉም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እኛ እንጻፍ ስል ማሸጉንም እኛ እንሥራ ማለቴ አይደለም። ባለሙያው ሲያሽግ አጠገቡ ቆሞ መጻፍ ሁለቱንም ያስታርቃል። መድን አያስፈልገኝም ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። በባሕር ንግድ የቆየ ሕግ መሠረት፣ መርከቡን ለማዳን የወጣ ወጪ በመርከቡ ላይ ጭነት ባላቸው ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የስዊዝ ቦይን ለ6 ቀን ዘግታ በነበረ ጊዜ ይኸው ሕግ ታውጆ ነበር፤ መድን የሌለው ባለጭነት ዋስትና ካላስያዘ ዕቃውን አይረከብም፤ ዕቃው ምንም ባይነካ እንኳ።

ዕቃው ቤት ከገባም በኋላ ጉዳዩ ወዲያው አይዘጋም። በአውሮፓ ኅብረትም ሆነ በካናዳ ከቀረጥ ነፃ የገባን ዕቃ በ12 ወር ውስጥ መሸጥ ቀረጡን ያስከፍላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ማከራየትም ሆነ በመያዣነት መስጠት እንኳ አስቀድሞ ለጉምሩክ ሳይነገር አይፈቀድም። መኪናውን አስገብቶ በሦስተኛው ወር ሊሸጥ የሚያስብ ሰው ይህን አውቆ ቢያስብ ይሻላል።

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ለአጓጓዥ ድርጅቶችና ለትራንዚተሮች ነው። ውል ሲያስፈርሙ የኪሎውንና የሜትር ኩቡን ዋጋ እንደሚነግሩን ሁሉ፣ የምንሄድበት አገር የአገልግሎት ዘመን ልክ ስንት ወር እንደሆነ፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚቀርብ፣ ምን እንደሚከለከል በአንድ ገጽ ጽፈው ከማሸጉ ቀን አንድ ወር አስቀድመው ይስጡን። ይህን ያውቁታል፤ የየዕለት ሥራቸው ነው። እኛ ያነጋገርነው ድርጅት ቢነግረን ኖሮ አሮጌዋን የስፌት መኪና አንሸጥም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ለጋዜጣዎ ነው። በየአገሩ ያለውን ደንብ ከየጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ኦፊሴላዊ ገጽ አጣርቶ በአማርኛ የሚያቀርብ ዓምድ ቢከፍቱ፣ ደንቡም ሲለወጥ ቢያድሱት፣ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል። ከዚያ ዓምድ ጎን የሚታተም ባዶ የዕቃ ዝርዝር ቅጽ ቢፈለግ፣ እኛ ከደረሰብን በኋላ አስተካክለን ያዘጋጀነውን ለዝግጅት ክፍልዎ በነፃ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ያንን ቅጽ አሁን የምትጠቀምበት የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ በቅርቡ ከልጇ ጋር ለመኖር ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች። ለአራት ዓመት የነዳችውን ብስክሌት ለመሸጥ ገዥ አግኝታ ነበር። ካነጋገርናት በኋላ ሽያጩን ትታ፣ የጎማውን ጭቃ በብሩሽ አጥባ፣ የመለያ ቁጥሩን ከፔዳሉ በላይ ካለው ብረት ላይ አንብባ በዝርዝሯ ሦስተኛ መስመር ላይ ጽፋዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣዎ አንባቢ